ኮርማ የማትፈልግ ላም፦ የትኛው መርፌ ለየትኛዋ?

ቡሬ ከወለደች 5 ወር ሊሞላት ነበር። ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትታለባለች። ኮርማ ግን አልፈለገችም። አልጮኸችም፣ ሌላ ላም ላይ አልወጣችም፣ ከጭራዋ ስርም ዝልግልግ ፈሳሽ አላየሁም። እማማ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፈው «መሲና ሆናለች ልጄ፤ ለፋሲካ ሽጣት» አሉኝ።

አልሸጥኳትም። «አንድ መርፌ አለ፣ በሦስት ቀን ያመጣታል» ሲሉኝ አዳቃይ ባለሙያ ጠራሁ። እጁን አስገብቶ ሳያያት ወጋት፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። አምስት ቀን። አሥር ቀን። ወፍ የለም። ተመልሶ መጥቶ ያንኑ መርፌ ደገመላት። አሁንም ወፍ የለም።

ቀጥሎ የጠራኋት የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይዛ አልጀመረችም። እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አጠለቀች፣ ሳሙና በውሃ በጥብጣ ቀባችው፣ ቡሬን በገመድ አሳሰረችና እጇን በፊንጢጣዋ በኩል አስገባች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። የምታየው በጣቷ ስለሆነ ዓይኗ አያስፈልጋትም። «ማኅፀኑ ደህና ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ፦ «ኦቫሪዎቹ፣ እንቁላል የሚወጣባቸው ማለቴ ነው፣ ግን እንደ ባቄላ ናቸው። ትንንሽ፣ ልስልስ ያሉ። ምንም አልበቀለባቸውም።» ጓንቷን ገልብጣ እያወለቀች ጨመረች፦ «የተወጋችው መርፌ ሥራው ማፍረስ ነው። እሷ ላይ የሚፈርስ ነገር የለም።»

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያቺው አነጋገር ነች፣ ዘርዘር ብላ።

በመጀመሪያ፦ ዝም ያለችው ለምንድነው?

ጤነኛ ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። ከ18 እስከ 24 ቀን ያለው ሁሉ ደህና ነው። ድራቱ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ካለፈ በኋላ ከኦቫሪው እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ በወጣበት ቦታ ላይ ቢጫ አካል የሚባል እብጠት ይበቅላል። ቢጫ አካሉ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ፕሮጄስትሮን እስካለ ድረስ ላሟ ኮርማ አትፈልግም። ካላረገዘች በ17ኛው ቀን አካባቢ ማኅፀኗ ራሱ ፕሮስታግላንዲን ያመነጭና ቢጫ አካሉን ያፈርሰዋል። ከዚያ እንደገና ትደራለች። በገበያ ያሉት ሆርሞኖች በሙሉ ከዚህ ዑደት አንዷን ቦታ የሚነኩ ናቸው። ስለዚህ ላሟ ዑደቱ ላይ የት እንዳለች ሳይታወቅ መውጋት ቁማር ነው።

ዝም ያለች ላም ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለችም። አንዳንዷ እርጉዝ ናት። አትሳቁ፤ ጎረቤት የዋለ ኮርማ አጥር አያግደውም፣ ባለቤትም ሁሌ ቤት አይውልም። አንዳንዷ ማኅፀኗ መግል ይዟል፤ ሰውነቷ ያረገዘች ይመስለውና ቢጫ አካሉን ይዞ ይቀመጣል። አንዳንዷ ኦቫሪዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለባት። እንደ ቡሬ ኦቫሪዋ ጭራሽ ሥራ ያቆመም አለች።

ብዙዎቹ ግን ዑደታቸው ደህና ነው። ያላየነው እኛ ነን። ድራት ቢበዛ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፤ በአገር ዝርያ ላሞች ላይ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ነው። ላሟ ቀኑን ሙሉ ታስራ ከዋለች ማን ላይ ትወጣለች? ወለሉ የሚያንሸራትት ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ብትፈታም አትሞክረውም። እናም አንድ ብር ሳታወጡ የምታደርጉት ነገር አለ። ጠዋት በማለዳና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ፈታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቷቸው። የጭራዋ ሥር ጸጉሩ ተንጨባሯል? ታፋዋ ላይ የደረቀ ዝልግልግ አለ? ጭራዋ ላይ ደም ካያችሁ ደግሞ ድራቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በፊት አልፏል ማለት ነው። ቀኑን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፉና ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከወለደች 60 ቀን ካለፋትና አሁንም ዝም ካለች፣ ያኔ ሐኪም ጥሩ። ከ45 ቀን በፊት ግን አትቸኩሉ። ማኅፀን ወደ ቦታው ለመመለስ ብቻ 40 ቀን ገደማ ይፈልጋል።

ፕሮስታግላንዲን፦ ርካሹና በብዛት በከንቱ የሚባክነው

በየመድኃኒት ቤቱ የምታገኙት ይህንን ነው። ሰዉ ባጭሩ ፕሮስታ ይለዋል። ሉታላይዝና ኢስትሩሜት የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ልካቸው ይለያያል። ሉታላይዝ 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ 25 ሚሊግራም ማለት። ኢስትሩሜት 2 ሚሊ ሊትር ነው፣ 500 ማይክሮግራም ማለት። ሁለቱም ጡንቻ ላይ ይወጋሉ። አንዱን ጠርሙስ ለብዙ ላም ለማብቃቃት ብላችሁ ልኩን አትቀንሱ፤ ቢጫ አካሉ በግማሽ አይፈርስም።

ሥራው አንድ ነው፦ ቢጫ አካል ካለ ማፍረስ። ካለና ከጎለመሰ ላሟ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ኮርማ ትፈልጋለች። ከሌለ ውሃ እንደወጋችኋት ቁጠሩት። ሌላም ነገር አለ። ቢጫ አካሉ ኖሮም ገና ለጋ ከሆነ አይበገርም። የሚሠራው ከዑደቱ 6ኛ ቀን እስከ 17ኛው ቀን ገደማ ነው። በጣት ቁጠሩት፦ ከ21 ቀን ውስጥ 12 ቀን። ዑደቷ ጤነኛ የሆነችን ላም እንኳ በጭፍን ብትወጉ ግማሽ በግማሽ የሚጠጋ ዕድል ነው ያላችሁ። በ11 ቀን ልዩነት ሁለቴ ይወጋ የሚባለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ያመለጠችው ላም በሁለተኛው መርፌ ቀን መስኮቱ ውስጥ ትገኛለች። ይህ ግን ዑደት ላላት ላም ነው። ለቡሬ ሁለቴ አይደለም አሥር ጊዜ ቢደጋገም ለውጥ የለውም።

አገራችን ውስጥ ሆርሞን በጅምላ የተሞከረበት ሥራ በዚሁ መርፌ ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይመራው በነበረው ፕሮጀክት፣ በሀዋሳና ዳሌ እንዲሁም በአዲግራትና መቀሌ አካባቢ ላሞችና ጊደሮች በአንድ ቀን ተሰብስበው እየተወጉ፣ ድራት ያሳዩት እንዲዳቀሉ ተደረገ። የዚህ ዓይነት ዘመቻ መሠረቱ ምርጫው ነው። ላሟ በእጅ ትመረመራለች፤ እርጉዝ ያልሆነችና ቢጫ አካል ያላት ብቻ ትወጋለች። ዘዴው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛመት መርፌው ቶሎ ደረሰ፣ ጓንቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የእኔ ግምት ነው፤ ቢሆንም የቡሬን ታሪክ ስናገር አንገታቸውን የሚነቀንቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መግል ለያዘች ማኅፀን ከሁሉም የሚመረጠው ይኸው ፕሮስታ ነው። ቢጫ አካሉ ሲፈርስ የማኅፀኑ አንገት ይከፈታል፣ ማኅፀኑ ይኮማተራል፣ መግሉ ይወጣል። በዚያ ድራት ግን አታስዳቅሉ። የሚቀጥለውን ጠብቁ።

አደጋውንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። እርጉዝ ላም ከተወጋች ታስወርዳለች። መድኃኒቱ በሰውም ቆዳ ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴት ጠርሙሱን መንካት የለባትም፣ አስም ያለበት ሰውም እንዲሁ። ላሞቹን የምታየው ባለቤታችሁ ወይም ሠራተኛችሁ ከሆነች ይህን ቀድማችሁ ንገሯት። እጅ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው።

ኦቭሲንክ፦ ድራት መጠበቅ ለሰለቸው

ይህ አንድ መርፌ ሳይሆን የሦስት መርፌ ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። ቁም ነገሩ ድራትን ማየት አያስፈልግም። ላሟ በቀን ብቻ ሳይሆን በሰዓት ተቀጥራ ትዳቀላለች።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጂ ኤን አር ኤች የሚባለው ሆርሞን ይወጋል። ይህ ኦቫሪው ላይ ያደገ እንቁላል ካለ እንዲወጣ ያዛል፤ በቦታውም አዲስ ቢጫ አካል ይበቅላል። በሳምንቱ ሰኞ በተመሳሳይ ሰዓት ፕሮስታ ተወግቶ ያ ቢጫ አካል ይፈርሳል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ጂ ኤን አር ኤች ይደገማል። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትዳቀላለች። ኮርማ ፈለገች አልፈለገች አትጠይቁም።

በቀላሉ ከሚያበላሹት ነገሮች ዋናው ሰዓቱ ነው። የረቡዑ መርፌ ተረስቶ ሐሙስ ጠዋት ቢወጋ ሁሉም ነገር ይናጋል። ሌላው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እውነቴን ነው። አዳቃዩ ዘሩን የሚያቆይበት ናይትሮጅን አልቆ ከሆነ፣ ወይም ሐሙሱ በዓል ላይ ከዋለ፣ ሦስት መርፌ ወግታችሁ ላሟን ቆማችሁ ማየት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ፣ ለአዳቃዩም ደውሉ። ጂ ኤን አር ኤች አንዳንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ከሰጧችሁ አትቀበሉ።

ከ10 ላም 3 ወይም 4 ከያዙላችሁ ኦቭሲንክ ሠርቷል። ይህን ስትሰሙ ያነሰ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አስሩም በአንድ ቀን ተዳቅለዋል፣ አንዷም በሌሊት አምልጣችሁ አልቀረችም። ዑደት ላላት፣ ግን ድራቷ ለማይታይ ላም እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ውሃ የቋጠረ ኦቫሪ ላላት ላምም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ለጊደር ግን ያን ያህል አይመከርም፤ ጊደር በፕሮስታ ተወግታ ድራቷ ቢጠበቅ ይሻላል። ኦቫሪዋ ጨርሶ ለተኛም ብቻውን ደካማ ነው፤ የሚወጣ እንቁላል ከሌለ የመጀመሪያው መርፌ የሚያዘው የለውም።

ሲደር፦ ለእውነተኛዋ ዝምተኛ

ቡሬን ያነሳት ይህ ነው። ሲደር የ«ቲ» ቅርጽ ያለው፣ በሲሊኮን የተሸፈነ፣ ፕሮጄስትሮን የተሞላ መሣሪያ ነው። መነሻው ኒውዚላንድ ነው። ክንፎቹ ታጥፈው በማስገቢያ ቱቦ ብልቷ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ ይዘረጋና ይቀመጣል። ውጪ የምትታየው አንዲት ቀጭን ክር ናት። ፕሪድ የሚባልም አለ፤ ቅርጹ ይለያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቢጫ አካል ያጣችውን ላም ከውጪ በመጣ ፕሮጄስትሮን «ዑደት ላይ ነሽ» ትሏታላችሁ። ሰውነቷ ለ7 ቀን ያንን ይለምዳል። ከዚያ በድንገት ክሩን ስባችሁ ታወጡታላችሁ። ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድ አእምሮዋ ይነቃል፣ ኦቫሪው ይነሳል። ከመውጣቱ በፊት ባለው ቀን ወይም በዚያው ቀን ፕሮስታ ይወጋል፤ ያልታየ ቢጫ አካል ቢኖር እንዲፈርስ ነው። ሲወጣ ደግሞ ፒ ኤም ኤስ ጂ ይጨመራል፤ የተለመደው ልክ 400 ዩኒት ነው። ይህ ከእርጉዝ ፈረስ ደም የሚወጣ ሆርሞን ሲሆን የተኛውን ኦቫሪ ይቀሰቅሳል። ከልኩ ሲያልፍ ግን እንቁላሉ ይበዛና መንታ ወይም ከዚያ በላይ ሊመጣ ይችላል። የወተት ላም መንታ ስትወልድ ደስ የሚለው ለወሬ ብቻ ነው። ድራት በ2 ወይም በ3 ቀን ይታያል።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። ከሦስቱ ውዱ ይህ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ውድ ስለሆነ አንዱን አጥበው ለሌላ ላም የሚያስገቡ አሉ። አታድርጉት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በሽታ ይዛችሁ እየሄዳችሁ ነው፣ የቀረው ሆርሞንም ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ሲወጣ ትንሽ ዝልግልግ ነጭ ፈሳሽ ቢከተለው አትደንግጡ። የሚገማ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ክሩንም ረጅም አድርጋችሁ አትተዉት። የቡሬን ክር ጎኗ የምትታሰረው ጊደር ስትልሰው፣ ከዚያም ስትጎትተው ደርሼ ነው ያስጣልኳት።

ይህ ዘዴ የውሃ ጎሽ በሚያልቡ አገሮችም ብዙ ይወራለታል፤ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ግብፅ፣ ጣሊያን። የቤት ጎሽ ድራቷን ደብቃ በማሳለፍ የታወቀች ናት። በተለይ ቀኑ ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ብዙዎቹ ኦቫሪያቸው ይተኛል። እዚያ ያሉ ሐኪሞች በመራቢያ ወቅቷ ኦቭሲንክ ይበቃታል፣ ከወቅቱ ውጪ ግን ፕሮጄስትሮን ከፒ ኤም ኤስ ጂ ጋር ይሻላታል ይላሉ። እኛ ጋ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የእኛ ላም የምትቆጥረው ወቅት ሳሩን ነው። በሚያዝያና በግንቦት ድርቆሹ አልቆ ጭድ ብቻ ሲቀር፣ ኦቫሪዋም አብሮ ይደርቃል።

መርፌ ያልሆነው አማራጭ

ሐኪሟ ሲደሩን ያን ቀን አላስገባችም ነበር። የቡሬን የጎን አጥንቶች በጣቷ ቆጠረችልኝ። የወገቧ አጥንት እንደ ወንበር ጠርዝ ወጥቷል። የሰውነቷን አቋም ከ5 ቁጥር 2 ሰጠቻት፤ ከ2.5 በታች የሆነች ላም ሆርሞን ቢሰጣትም ብዙ አይጠበቅባትም። «አሁን ባስገባላት ገንዘብህን ነው የምቀብረው» አለችኝ። ላም ከወለደች በኋላ በወተት የምታወጣው ከምትበላው ሲበልጥ ከራሷ ሥጋ ትቀንሳለች። በዚህ ጊዜ ሰውነቷ መጀመሪያ የሚዘጋው ሱቅ መራባቱን ነው።

ስለዚህ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨመርኩላት፣ የሚላስ የማዕድን ጨው አንጠለጠልኩላት፣ የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጣት። ሁለት ወር ፈጀ። ሁለት ወር ለሚቸኩል ሰው ረጅም ነው። እኔ ግን በእነዚያ ሁለት በከንቱ በተወጉ መርፌዎችና በመጠበቁ ያጠፋሁትን ጊዜ ስደምረው ያው ነው የመጣልኝ።

የአገር ዝርያ ላም ላላችሁ ደግሞ ጥጃውን አትርሱ። ቀኑን ሙሉ የሚጠባ ጥጃ የእናቱን ኦቫሪ ያስተኛል። ጠዋትና ማታ ሲታለብ ብቻ እንዲጠባ ማድረግ፣ በቀረው ጊዜ ከዓይኗ ማራቅ፣ አንዳንዷን ያለ አንዳች መርፌ ያነሳታል። ሲደር ካስገባችሁም በወጣበት ዕለት ጥጃውን ለ48 ሰዓት መለየት ውጤቱን ያግዛል። ጥጃው ግን በዚያ ሁለት ቀን ወተቱን በባልዲ ይጠጣ፤ እንዳይራብ።

እኔ ብሆን

ላሟ ከተመረመረች በኋላ ቢጫ አካል ከተገኘባትና እኔ ቤት ውዬ ድራት የማየት ጊዜ ካለኝ፣ ፕሮስታ አስወግቼ እጠብቃለሁ። ጠዋት ከፈለገች ከሰዓት፣ ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ከአንዱ መርፌ በላይ ማውጣት አያስፈልገኝም። ዑደቷ ደህና ሆኖ ሁሌ የምታመልጠኝ ከሆነች፣ ወይም ሥራ ውዬ ማታ የምገባ ሰው ከሆንኩ፣ ኦቭሲንክ። ኦቫሪዋ ባዶ ሆኖ ሰውነቷ ግን ሞላ ያለ ከሆነ ሲደር ከፒ ኤም ኤስ ጂ ጋር። ኦቫሪዋም ባዶ፣ አጥንቷም የሚቆጠር ከሆነ ገንዘቤን ለፋጉሎ ነጋዴው እሰጣለሁ። በእጅ መመርመር የማይችል ወይም የማይፈልግ ባለሙያ መርፌ ይዞ ከመጣ ደግሞ ቡና አጠጥቼ እሸኘዋለሁ።

ወጪውን ስታመዛዝኑ የመርፌውን ዋጋ ብቻ አትዩ። ያመለጠ አንድ ድራት 21 ቀን ነው። የ21 ቀን መኖዋን በራሳችሁ ሂሳብ አስሉት፤ ከዚያ የሚቀጥለው ጥጃና የሚቀጥለው ወተት በ21 ቀን መዘግየታቸውን ጨምሩበት። ሦስት ድራት ካመለጠ 63 ቀን ነው። ያኔ ለምርመራ የሚከፈለው ትንሽ ይሆንባችኋል።

ቡሬ ሲደሩ በወጣ በሁለተኛው ቀን ፈለገች፣ ተዳቀለች። አልያዘችም። ተስፋ ቆርጬ ነበር። በ20ኛው ቀን ግን፣ ያለ ምንም መርፌ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጩኸቷን አቀለጠችው። ጠዋት በሩን ስከፍት እማማ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ። «ይቺ መሲናህ» አሉኝ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም።»